ውሃ ለወሰደው ርስት ምን ይከፈላል?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ተረቱ የሚነገረው በበረከት መካከል ተቀምጦ ለተራበ፥ ከባለጸጋ ቤት ተወልዶ ለተቸገረ ሰው ነው። ዳሩ ግን ይህ ነገር ምሳሌነቱ ቀርቶ እንደ ቃሉ የተፈጸመበት ዘመን መጥቷል። በወንዝ ዳር ተወልዶ፥ ከወንዝ ጠጥቶ፥ በወንዝ ውሃ አልምቶ ይኖር የነበረ ገበሬ፥ ያው ወንዝ በግድብ ታስሮ ሐይቅ በሆነ ጊዜ ከርስቱ ተነሥቶ፥ ውሃ ወደሌለበት ወይም የውሃው መክፈቻ በሌላ ሰው እጅ ወደሆነበት ምድር ተወስዷል። ወንዙ ለሩቅ ከተማ መብራት ሲሆን፥ የወንዙ ልጅ በጨለማ ተቀምጧል።

ይህን የሚያነብ ሰው ነገሩ ግድብን ለመንቀፍ የተጻፈ እንዳይመስለው። ግድብ ትልቅ ሥራ ነው። በከንቱ ይፈስ የነበረውን ኃይል ይይዛል፤ ሐኪም በሌሊት እንዲያክም፥ ተማሪ ከመሸ በኋላ እንዲያነብ፥ ወፍጮና ፋብሪካ እንዲዞር ያደርጋል፤ የጎርፍንም ቍጣ ያበርዳል። እናት ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ዓይኗን እንዳትታመም፥ ዱርም ለማገዶ ተመንጥሮ እንዳያልቅ ይረዳል። እንዲህ ያለውን በጎ ነገር የሚንቅ ሰው፥ ወይ ጨለማን አያውቅም፥ ወይም ብርሃን ስለ ሞላለት የሌላው ጨለማ አይታየውም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ግድብ በተሠራ ቍጥር ከኋላው ያለው ሸለቆ ይሰጥማል፤ ሸለቆም ባዶ አይደለም፤ ቤት አለበት፥ እርሻ አለበት፥ መቃብር አለበት። በ2000 ዓመት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የዓለም የግድቦች ኮሚሲዮን መርምሮ ባወጣው መግለጫ፥ በትላልቅ ግድቦች ምክንያት ከመኖሪያው የተነሣው ሰው ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። በግምቱ በታችኛውና በላይኛው ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን 40 ሚሊዮን ነፍስ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፥ የመጀመሪያውን በደል ከዚሁ ላይ ያገኘዋል። ሲሚንቶው በኩንታል፥ ብረቱ በቶን፥ ውሃው በሜትር ኩብ ተለክቶ ሲጻፍ፥ ሰው ግን በወጉ አልተቈጠረም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ለብዙው ጥቅም ሲባል ጥቂቱ ከርስቱ ቢነሣ፥ ብዙው ለጥቂቱ ያለበት ዕዳ ምንድር ነው? በምንስ ይከፈላል? ተከፍሎ አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው?

ነገሩን በአሳብ ብቻ ከማውጣትና ከማውረድ፥ በእውነት በተደረገ ነገር መመልከት ይሻላል። ምሳሌውም ከሩቅ አይፈለግም፤ የዓባይ ውሃ ራሱ ወደሚወርድበት አገር መከተል ይበቃል።

ከአስዋን አንሥቶ ዓባይን ተከትሎ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው አገር ኖባ ይባላል። በግራና በቀኝ በረሓ ነው፤ በመካከሉ ወንዙ ይወርዳል፤ በወንዙና በበረሓው መካከል እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ የእርሻ መሬት አለ። ከዚህ ጥለት ላይ የኖባ ሕዝብ ስንቱን ዘመን ተምር ተክሎ፥ በሬ በሚያዞረው መንኰራኵር ውሃ ቀድቶ ኖሯል። በዚያ አገር አንድ የተምር ዛፍ የብዙ ሰው ርስት ነበር፤ ለመሬቱ ባለቤት ድርሻ አለው፥ ችግኙን ላመጣው ድርሻ አለው፥ ውሃ እያጠጣ ላሳደገውም ድርሻ አለው። የውሃው መንኰራኵርም እንዲሁ በድርሻ የተያዘ ነበር። ስለዚህ ተምሩ ፍሬ ብቻ አልነበረም፤ ዘመድን ከዘመድ፥ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስር ገመድ ነበር። ልጁ ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ ለሥራ ቢሄድም፥ ከአንድ ዛፍ ላይ ያለችው ድርሻው አገሩን አታስረሳውም ነበር።

በ1902 ዓመት በአስዋን የመጀመሪያው ግድብ ተፈጸመ። በ1912 ዓመት ከፍ ተደረገ፤ በ1933 ዓመት ደግሞ እንደገና ከፍ ተደረገ። ግድቡ ከፍ ባለ ቍጥር በግብጽ በኩል ያለው ኖባ እርሻውንና ተምሩን እየለቀቀ፥ ቤቱን ከገደሉ ላይ ከፍ አድርጎ ሠራ። እርሻ ሲያልቅበት ወንዱ ወደ ከተማ ወርዶ ምግብ አብሳይ፥ በር ጠባቂና አሽከር ሆነ፤ ሴቶችና ሽማግሎች በመንደር ቀሩ። በመጨረሻም በ1960 ዓመት ታላቁ የአስዋን ግድብ ተጀመረ። ይህ ግድብ 2,100 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጥ፥ ከኋላው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐይቅ የሚያስተኛ ነው። ከዚህ በኋላ ቤትን ከፍ አድርጎ መሥራት አልተቻለም፤ አገሩ በሙሉ ሰጠመ። በግብጽ በኩል 50,000 ያህል፥ በሱዳን በኩልም 50,000 ያህል ሰው ተነሣ።

የሱዳኖቹ ነገር ብዙ ትምህርት አለበት። በኅዳር 1959 ዓመት ግብጽና ሱዳን በዓባይ ውሃ ሲዋዋሉ፥ ግብጽ ለሚሰጥመው አገር ካሳ 15 ሚሊዮን የግብጽ ፓውንድ ለሱዳን መንግሥት እንድትከፍል ተስማሙ። ካሳው በመንግሥትና በመንግሥት መካከል የተነገረ ነው እንጂ፥ ከባለ ርስቱ ጋራ የተደረገ ውል አልነበረም። በኋላ የሱዳን መንግሥት የሚሰፍሩበትን ቦታ በሚመርጥበት ጊዜ ሕዝቡን መጠየቁ አልቀረም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ያልወደደው ቦታ ተመረጠ። በጥቅምት 1960 ዓመት የዋዲ ሐልፋ ሰዎች በአደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ ፍርዱ ግን አልተለወጠም። በጥር 1964 ዓመት ባቡር ቀርቦ መጫን ጀመረ። ሰዎቹ ወደ መቃብር ወርደው ሙታናቸውን ተሰናብተው፥ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው፥ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ኻሽም ኤል ጊርባ ወደሚባል ሜዳ ገቡ።

እዚያ የተደረገላቸው ነገር ቀላል አልነበረም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። የግንብ ቤት ተሠራላቸው፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ቆመላቸው፤ ለእያንዳንዱ ተከራይ ገበሬ 15 ፈዳን መሬት ተሰጠው፤ አምስቱን ጥጥ፥ አምስቱን ስንዴ፥ አምስቱን ለውዝ እንዲዘራበት ታዘዘ። በሌሎች አገሮች በግድብ ምክንያት ለተነሡ ሰዎች ከተደረገው ሁሉ ቢመዘን፥ ይህ ከበጎዎቹ ወገን ይቈጠራል። እንዲህም ሆኖ መተዳደሪያቸው አልቀናም። ተምር አሳዳጊውን የጥጥ ገበሬ አደረጉት፤ የሚዘራውንም የሚመርጥለት ሹም ሆነ። ዝናም የማይዘንብበት የበረሓ ሰው፥ ነጐድጓድና ጭቃ ወዳለበት ጥቍር አፈር ገባ። ሜዳውም ባዶ አልነበረም፤ ሹክሪያ የሚባሉት ከብት አርቢዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያሰማሩበት ነበር። ለአንዱ ካሳ ተብሎ የተሰጠው መሬት ከሌላው የተወሰደ ሆነ፤ በእንስሳው ምክንያትም ጠብ ተነሣ። ዕዳን በሌላ ሰው ገንዘብ መክፈል ዕዳን ማዛወር እንጂ መክፈል እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የደለሉ ነገር ነው። ለአዲሱ እርሻ ውሃ የሚሰጠው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ በ1964 ዓመት የተፈጸመ ሲሆን፥ የሚይዘው ውሃ ከተከዜና ከሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞች የሚወርድ ነው። ከሰሜን ኢትዮጵያ ተራራ በየክረምቱ ተጠርጎ የሚሄደው አፈር በዚያ ግድብ ውስጥ እየተኛ፥ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ግድቡ ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ግማሽ ያህሉን ቦታ ወሰደበት። በዓባይ ውሃ ምክንያት ከአገሩ የተነሣው ኖባ፥ በተከዜ አፈር ምክንያት ደግሞ በአዲሱ አገር ውሃ አነሰው። በአንድ አገር ተዳፋት ላይ የሚያርስ ድኻ ገበሬና በሌላ አገር ሜዳ ላይ የሰፈረ ድኻ ገበሬ፥ ሳይተዋወቁ በአንድ ወንዝ ታስረዋል።

በግብጽ በኩል ያሉት ኖባዎች ደግሞ ከአስዋን በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰዱ። ቤቶቹ በመሥመር የተሠሩ ሲሆን፥ የሚታደሉት በቤተሰብ ቍጥር ነበር፤ ትልቅ ቤተሰብ ከትልቁ ቤት፥ ትንሽ ቤተሰብ ከትንሹ ቤት። ይህ ሥርዐት በወረቀት ላይ እጅግ የቀና ይመስላል። ፍጻሜው ግን ባሏ የሞተባት አሮጊት ከልጇ ደጃፍ ተለይታ፥ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋራ በትንንሾቹ ቤቶች ወገን መቀመጧ ሆነ። የቀድሞው ቤት በሩ ወደ ወንዙ የሚከፈት ነበር፤ ከአዲሱ መንደር ግን ወንዙ አይታይም። ለእርሻ የተባለውም መሬት ሳይሰናዳ ስለ ቈየ፥ ሠርቶ አዳሪው ሕዝብ በመንግሥት ርዳታ ተቀመጠ፤ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያትም ብዙ ሕፃናት ሞቱ።

በዚያው ዘመን፥ በዚያው ሸለቆ፥ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የጥንት ነገሥታት ከዐለት ያስፈለፈሏቸው የአቡ ሲምበል መቅደሶች እንዳይሰጥሙ፥ ዩኔስኮ በ1960 ዓመት ለዓለም ሁሉ ጥሪ አቀረበ። 50 ያህል አገሮች ገንዘብና ባለሙያ ሰጡ። ከ1964 እስከ 1968 ዓመት ድረስ መቅደሶቹ ከ1,000 በሚበልጡ ድንጋዮች ተቈራርጠው፥ እያንዳንዱ ድንጋይ ቍጥር ተጽፎበት፥ ከቀድሞው ቦታ 65 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ እንደ ነበሩ ተተከሉ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ እስከ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ምስሎቹን ታበራ ስለ ነበር፥ ይህ እንኳ እንዳይቀር ተጠንቅቀው አኖሩት። በፋራስም ከአሸዋ በታች ተቀብሮ በነበረው የኖባ ክርስቲያኖች ካቴድራል ውስጥ፥ የፖላንድ ሊቃውንት ከ1961 እስከ 1964 ዓመት ቈፍረው ከ100 የሚበልጡ የግድግዳ ሥዕሎች አገኙ፤ ሥዕሎቹንም ከግድግዳው እየላጡ ወደ ካርቱምና ወደ ዋርሶ ወስደው አዳኗቸው።

ይህን ሥራ የሚነቅፍ ሰው የለም። የቅዱሳን ሥዕል በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ከመጥፋት መዳኑ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ለድንጋዩ የቀድሞ አቀማመጡ ተጠበቀለት፤ ለሰው ግን አልተጠበቀለትም። ለምስሉ የፀሐይዋ መግቢያ ታሰበለት፤ ለአሮጊቷ ግን የልጇ ደጃፍ አልታሰበላትም። በደቡብ አፍሪቃ በኩል በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የካሪባ ግድብ በተሠራ ጊዜም የታየው ከዚህ አይርቅም። 57,000 ያህል የቶንጋ ሰዎች ከሸለቆው ተነሡ፤ በመስከረም 1958 ዓመት አንነሣም ባሉት ላይ ተተኵሶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ የዓለም ጋዜጦች ይበልጥ የጻፉት፥ በሐይቁ መካከል በደሴት ላይ የቀሩትን አራዊት በጀልባ ስለ ማዳን ነበር። እንግዲህ «ሰውን እንደ ነበረ አድርጎ መመለስ አይቻልም» የሚለው ምክንያት በዚህ ይፈርሳል። የፈለጉትን ያህል የተቻለ ከሆነ፥ ያልተቻለው ያልፈለጉት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ መመለስ ይገባል። ለተነሡት ሰዎች ብዙ ዕዳ የለብንም የሚሉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ።

የመጀመሪያው፥ «የሚጠቀመው ብዙ ነው፥ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ጉዳቱን ይበልጣል» የሚል ነው። ይህ የነጋዴ ሒሳብ ነው። ነጋዴ በአንዱ ዕቃ ከስሮ በሌላው ቢያተርፍ ደስ ይለዋል፤ የከሰረውም ያተረፈውም እርሱው ነውና። በግድብ ነገር ግን የከሰረው አንድ ሰው፥ ያተረፈው ሌላ ሰው ነው። የአንዱ ጥጋብ የሌላውን ረኃብ አያስታግሥም። ደግሞም ጥቅሙ በእውነት ጉዳቱን የሚበልጥ ከሆነ፥ ከትርፉ ላይ ለተጎዳው መክፈል አያቅትም። ከፍለው ሲያበቁ ትርፍ የማይቀርላቸው ከሆነ ደግሞ፥ ከመጀመሪያውም ሥራው ትርፍ አልነበረውም፤ የድኻ ርስት ተዘርፎ ነው ትርፍ የመሰለው። ስለዚህ ይህ ምክንያት ዕዳውን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያጸናዋል።

ሁለተኛው ምክንያት፥ «ለርስቱ ዋጋ ተከፍሎታልና ዕዳ አልቀረም» የሚል ነው። የናቡቴን ታሪክ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የናቡቴ ደም ነው፤ ከደሙ በፊት ያለው ነገር ግን ችላ ይባላል። አክዓብ የወይኑን ቦታ በፈለገ ጊዜ መጀመሪያ ጠየቀ፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ እሰጥሃለሁ አለ። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነውና እንቢ አለ። ዐመፀኛ የተባለው ንጉሥ እንኳ በመጀመሪያ ያቀረበው ነገር፥ ለብዙ የግድብ ተነሺዎች ከቀረበው ይሻል ነበር፤ መሬት ለመሬት ነበርና፥ እንቢ ማለትም ይቻል ነበርና።

ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ነው። ዋጋ የሚባለው ሻጭ ወድዶ ሲሸጥ፥ ገዢም ወድዶ ሲገዛ የሚገናኙበት ልክ ነው። ሳይወድድ የተነሣ ሰው ግን አልሸጠም። ስለዚህ የተሰጠው ገንዘብ ዋጋ ሊባል አይችልም። «እያንዳንዱ እንቢ ማለት ከቻለማ መንገድም ግድብም አይሠራም» የሚል ሰው እውነት አለው፤ መንግሥት ለሁሉ ጥቅም አንዱን የሚያስነሣበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ከሰው ላይ መሬቱን ብቻ ሳይሆን እንቢ የማለት መብቱንም የወሰደ፥ ሁለት ነገር ወስዷልና ከዋጋ የበለጠ ሊከፍል ይገባዋል።

ገንዘቡስ ምን ያህል ይጠቅማል? ገንዘብ ተሰጥቶ ያልቃል፤ መሬት ግን በየዓመቱ ይወልዳል። ብር ቈጥሮ የማያውቅ ገበሬ የዕድሜ ልኩን መተዳደሪያ በአንድ ቀን በጨርቅ ቋጥረው ቢሰጡት፥ ያን ገንዘብ ከብልህ ነጋዴ፥ ከአበዳሪና ከዘመድ ጠብቆ ለልጁ ማድረስ እንዴት ይቻለዋል? በዓለም ባንክ ይሠራ የነበረው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ሚካኤል ቸርኒያ፥ የተነሡ ሰዎች ወደ ድኽነት የሚወርዱባቸውን መንገዶች ቈጥሮ ስምንት አግኝቷል። እነዚህም መሬት ማጣት፥ ሥራ ማጣት፥ ቤት ማጣት፥ በሰው ዘንድ ዝቅ ማለት፥ የምግብ እጦት፥ በሽታና ሞት መብዛት፥ የጋራ ግጦሽና ዱር ውሃም ማጣት፥ የመንደርና የዘመድ መበተን ናቸው። ከስምንቱ ውስጥ በገንዘብ ብቻ በቀላሉ የሚተካው ቤት ነው። ስለዚህ አዲስ ቤት ሠርቶ «አሰፈርናቸው» የሚል ሹም፥ ከስምንት ዕዳ አንዱን ከፍሎ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰውን ይመስላል። የዓለም ባንክም በ1980 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚህ ነገር ደንብ ሲያወጣ፥ ከካሳው ይልቅ የተነሣው ሰው ወደ ቀድሞ ኑሮው መመለሱን ዓላማ ያደረገው ይህን በማስተዋል ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፥ «የቀድሞ ኑሯቸው ድኽነት ነበር፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ስላገኙ ተጠቅመዋል» የሚል ነው። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ግን ያልተነሣውም ዜጋ ከመንግሥት የሚጠብቀው ነገር ነው። ለሁሉ የሚገባውን ለአንዱ ሰጥቶ ካሳ ነው ማለት አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። የቀድሞውም ኑሮ ልኩ በወቅቱ የነበረው ብቻ አይደለም። ሸለቆው ሊሰጥም ነው ተብሎ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ መንገድ የሚጠርግበት፥ ትምህርት ቤት የሚሠራበት፥ ዛፍ የሚተክልበት ሰው የለም። እንዲህ ሆኖ ከደኸየ በኋላ በመጨረሻው ቀን ንብረቱን መዝግቦ «የነበረህ ይህ ነው» ማለት፥ ሰውን ካስራቡ በኋላ በክሳቱ ልክ ልብስ እንደ መስፋት ነው።

ሦስቱ ምክንያቶች ከወደቁ፥ የዕዳው መልክ ይታያል። ዕዳው የንብረት ዋጋ ሳይሆን መተዳደሪያ ነው፤ ይኸውም ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ የሚበላበትና ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ነው። ሊከፈል እንደሚችልም ምስክር አለ። በኮስታ ሪካ የአሬናል ግድብ በተሠራ ጊዜ የተነሡት 2,500 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋራ ምክር ተደርጎ የእርሻ መሬት ስለ ተሰጣቸው፥ ከጥቂት የችግር ዓመታት በኋላ ኑሯቸው ተቃንቷል። በኖርዌይ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ፥ ወንዙ የሚገደብበት ወረዳ ከኃይሉ ድርሻና ግብር እንዲያገኝ በሕግ ተወስኗል። ቻይናም ብዙዎችን ካሳዘነች በኋላ በ2006 ዓመት፥ በትላልቅ ግድቦች ለተነሡ ገበሬዎች ለእያንዳንዱ ነፍስ በየዓመቱ 600 ዩዋን ለ20 ዓመት እንዲሰጥ አዝዛለች። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ ወንዙ ለዘላለም የሚያተርፍ ከሆነ፥ የወንዙ ባለ ርስት አንድ ቀን ተከፍሎት የሚሰናበት ሳይሆን፥ እንደ ተምሩ ዛፍ ድርሻ ያለው ሸሪክ ሊሆን ይገባዋል። የኖባ ገበሬ ችግኝ ላመጣውና ውሃ ላጠጣው ድርሻ መስጠትን ያውቅ ነበር፤ ውሃውን የወሰዱበት ግን ይህን ሕግ ከእርሱ አልተማሩም።

ዕዳውስ መቼ ያልቃል? ኤልሳቤጥ ኮልሰንና ቴየር ስካደር የተባሉት መርማሪዎች፥ የካሪባ ሰዎችን ኑሮ ከ1956 ዓመት ጀምረው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። ስካደር ከዚህ የተማረው፥ ሰፈራ ተሳካ የሚባለው የሁለተኛው ትውልድ ኑሮ ከታየ በኋላ ብቻ እንደሆነ ነው። የኖባዎቹም ነገር ይህን ይመሰክራል። ከዋዲ ሐልፋ አንሄድም ብለው የቀሩት ጥቂቶች፥ ውሃው ከፍ ባለ ቍጥር ጎጆአቸውን ወደ ኋላ እያሸሹ በሐይቁ ዳር ተቀመጡ፤ በመጨረሻም ከተማቸው ዳግመኛ ቆመች። በግብጽ ደግሞ ሰዎቹ ከተነሡ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ2014 ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት በ236ኛው አንቀጽ፥ ኖባዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞ አገራቸው የሚመለሱበትን ሥራ መንግሥት እንዲያደርግ ጽፏል። ዐሥሩ ዓመት ግን ተስፋው ሳይፈጸም በ2024 ዓመት ዐለፈ። ይህን ጥያቄ የያዙት አብዛኞቹ፥ አሮጌውን መንደር በዓይናቸው ያላዩ የልጅ ልጆች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአዋሽ ላይ ቆቃ በ1960 ዓመት፥ ፊንጫ በ1973 ዓመት፥ ግልገል ጊቤ በ2004 ዓመት፥ ተከዜ በ2009 ዓመት ተፈጽመዋል፤ ሐይቅ በተኛበት ስፍራም ሁሉ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬና አርቢ አለ። በመስከረም 2025 ዓመት ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ታላቁ የዓባይ ግድብ ተመረቀ። ይህን ግድብ ለማሠራት ሹሙም፥ ነጋዴውም፥ ካህኑም፥ ወታደሩም፥ ሊስትሮውም ቦንድ ገዝቷል፤ ከደመወዙም ከፍሏል። በውጭ አገር የሚኖረውም እንዲሁ አድርጓል። ደስታውም የሁሉ ነው፤ የሁሉ መሆኑም ተገቢ ነው።

ነገር ግን በሥራው ሸሪክ የሆነ በዕዳውም ሸሪክ ነው። ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡ ከነወለዱ እንደሚመለስለት ወረቀት ይዟል። ሐይቁ ስለ ተኛበት ከወንዙ ዳር የተነሣው የጉሙዝ ገበሬ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ከሁሉ የሚበልጠውን አዋጥቷል፤ እርሱ የሰጠው ከደመወዙ ላይ የወር ድርሻ ሳይሆን እርሻውን፥ የሚያጠምድበትን ወንዝ፥ የአባቶቹን መቃብር ነው። ለሌላው የአክሲዮኑ ወረቀት ተጽፎለት ለእርሱ ካልተጻፈለት፥ ከባለ ድርሻዎች ሁሉ ትልቁ ከመዝገቡ ተረስቷል ማለት ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ አንድ እርሻ ብቻ ያለውም ሰው በእርሻው ሌላው እንዲጫወትበት መተው አይገባም።

እንግዲህ ዕዳው አለቀ የሚባልበትን ቀን መናገር ይቻላል። የሐይቁ ስፋት ተለክቶ በታወቀ ጊዜ አይደለም፤ የካሳው ገንዘብ ተቈጥሮ ጣት በታተመበትም ጊዜ አይደለም። የተነሣው ሰው ልጅ ከርዳታ ሳይሆን ከእጁ ሥራ ሲበላ፥ የአባቱ ርስት ባፈራው ብርሃን ሲያነብ፥ አገሩ የት እንደሆነ ሲጠይቁት ከውሃ በታች ያለውን ሳይሆን የቆመበትን ምድር ሲያሳይ፥ ያን ጊዜ ዕዳው ተከፈለ። እስከዚያ ቀን ድረስ በከተማ ያለው ሰው በመሸ ጊዜ መብራቱን ባበራ ቍጥር፥ ከስሙ አጠገብ ያልተከፈለ ዕዳ እንደ ተጻፈ ይወቅ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት የወንዙ ስንፍና ተቈጥሮ አልተነገረም፤ በወንዙ ዳር ቆሞ ለልጁ ቀድቶ የሚያጠጣው ሰው ስለ ጠፋ ነው።